ፊኛዬ የጠፋው የመሬቱን ነፋስ ስላመንኩ ነው

ካሜራ በሂሊየም ፊኛ አስሮ ወደ ስትራቶስፌር (ከምንኖርበት የአየር ንብርብር በላይ ወዳለው ንብርብር) መላክ ያን ያህል ከባድ ሥራ አይደለም። ሁለት ጊዜ ልኬያለሁ። በመጀመሪያው ግን አንድ ነገር የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ሦስት ሳምንት በጭንቀት አልቄያለሁ። ሌላ ሰው እንዳይደርስበት ልንገራችሁ።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልለፈው። ለአየር ጠባይ ምርመራ የሚሠራ የላስቲክ ፊኛ ግዙ። ከሥሩ ፓራሹት ይታሰራል። ከፓራሹቱ ሥር ደግሞ ካሜራ፣ ጂፒኤስ፣ ቴርሞሜትርና የአየር ግፊት መለኪያ የያዘች ሳጥን። ብርድ የሚችል ባትሪ ያስፈልጋል። ሳጥኗ ላይ ስልክ ቁጥራችሁን በትልቁ ጻፉ።

የበረራ ፈቃድ ለማግኘት አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ። የሳጥኗን ክብደት፣ የፓራሹቱን ቀለም፣ የገመዱን ውፍረት ሳይቀር ጠየቁኝ። ስለ ነፋስ የጠየቁኝ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በዕለቱ መሬት ላይ ያለው ፍጥነት። የሰጡኝ መመሪያም መሬት ላይ ነፋሱ ጋብ ካለ ልቀቅ ይላል። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ፊኛው መሬት አጠገብ የሚቆየው ስንት ደቂቃ ነው?

ወቅቱ ብርድ ነበር፤ ቦታው ከምድር ወገብም ከዋልታም እኩል የራቀ። ጠዋቱ ጸጥ ያለ፣ ቅጠል እንኳ የማይንቀሳቀስበት። ሂሊየሙን ስሞላ ቸኮልኩ። ፊኛው ሳጥኗን ብድግ ሲያደርጋት "በቃ፣ ሞላ" ብዬ አሰርኩት። እዚህ ላይ ጥፋቱ የራሴ ነው፤ በማንም አላሳብብም። በሰከንድ 5 ሜትር መውጣት ሲገባው የወጣው 2.5 ሜትር ብቻ ነው።

ዝግታው ለምን እንደጎዳኝ የገባኝ በኋላ ነው። የምንኖርበት የከባቢ አየር ክፍል ትሮፖስፌር ይባላል። በምድር ወገብ ላይ ከ16 እስከ 18 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ወደ ዋልታዎቹ ግን ከ8 እና 9 ብዙም አይዘልም። ጄት ስትሪም የሚባለው ኃይለኛ ነፋስ የሚነፍሰው ወደ ጣሪያው አካባቢ ነው። በምድር ወገብና በዋልታ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት አየሩን ከላይ ወደ ዋልታ ይገፋዋል። ምድር ስለምትሽከረከር ደግሞ መንገዱ ይታጠፍና ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይሆናል። በብርድ ወቅት ልዩነቱ ስለሚሰፋ ነፋሱም ይበረታል፤ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ መንፈሱ ብርቅ አይደለም።

አሁን አስሉት። ከ8 እስከ 13 ኪሎ ሜትር ከፍታ ያለው ንብርብር በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር ቢነፍስ፣ በትክክል የተሞላ ፊኛ በ17 ደቂቃ ገደማ አቋርጦት 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይወሰዳል። የእኔው ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆየበት። ወደ 100 ኪሎ ሜትር ማለት ነው፤ ሲወርድ የተወሰደው ሳይቆጠር።

በዚህ ላይ ጂፒኤሱ ጸጥ አለ። ብዙዎቹ ተራ ጂፒኤሶች ለሚሳኤል እንዳይውሉ ሲባል ከ18 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይሠሩ ተደርገዋል። ሻጩ ይህን አልነገረኝም። ሲወርድም ተመልሶ አልሠራም። እኔ 20 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ ስፈልግ ሳጥኗ 150 ኪሎ ሜትር ያህል በስተምሥራቅ እርሻ ውስጥ ተኝታ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ገበሬ ደወለልኝ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ።

የሚገርመው ይህ ነፋስ አዲስ ነገር አይደለም። ጃፓናዊው ዋሳቡሮ ኦይሺ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፊኛ እየለቀቀ ለክቶታል። ውጤቱን ያሳተመው ኤስፔራንቶ በሚባል ሰው ሠራሽ ቋንቋ ስለነበር ከአገሩ ውጭ ብዙ ሰው ልብ አላለውም።

ስለዚህ መመሪያው ምንም ይበል፣ የመሬቱን ነፋስ ለማስነሻ ያህል ብቻ እዩት። ዋናው የ250 ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) የነፋስ ካርታ ነው፤ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን ነፋስ ያሳያል። እዚያ ላይ ከበረታ፣ ፈቃዱ በእጃችሁ ቢሆንም ቀኑን ለውጡ። ሂሊየሙንም በዓይን ሳይሆን በሚዛን ለኩ። ጂፒኤሱ ከ18 ኪሎ ሜትር በላይ እንደሚሠራ ሳታረጋግጡ አትግዙ። በሁለተኛው በረራ እነዚህን አደረግሁ፤ ሳጥኗን በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በእጄ አነሳኋት።

ካሜራዋ ያመጣችው ጥቁር ሰማይ ያምራል። እኔን የበለጠ የያዘኝ ግን የቴርሞሜትሩ ሠንጠረዥ ነው። 11 ኪሎ ሜትር አካባቢ ከዜሮ በታች 56 ዲግሪ ደረሰ፣ እዚያው ቆየ፣ ከዚያ መጨመር ጀመረ። ፊኛው 30 ኪሎ ሜትር ላይ ሲፈነዳ ከዜሮ በታች 46 ነበር። ሙቀቱ የሚጨምረው እዚያ ያለው ኦዞን የሚባል ጋዝ የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር ስለሚውጥ ነው። ፈረንሳዊው ሊዮን ቴስረንክ ደ ቦር ከ200 በላይ ፊኛዎች ልኮ ነው በ1902 (እ.ኤ.አ.) ይህን ንብርብር፣ ስትራቶስፌርን፣ ያሳወቀው። እኔም የመጀመሪያውን ሠንጠረዥ ሳይ ቴርሞሜትሩ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። በሁለተኛው በረራም ቁጥሩ እዚያው ከፍታ ላይ ደርሶ ተመለሰ።