ወደ ፓኤዝ የትውልድ መንደር

ከማድሪድ በስተምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ኦልሜዳ ዴ ላስ ፉዌንቴስ የወሰደኝ፣ እ.ኤ.አ. በ1564 እዚያ ተወልዶ በ1622 በጎርጎራ ያረፈው የኢየሱሳዊው ካህን የፔድሮ ፓኤዝ ስም ነው።

ዋዜማውን ያደርሁት በአልካላ ዴ ኤናሬስ ሲሆን፣ በስሱ ግድግዳ በኩል የሚያልፈው የጎረቤቴ ቴሌቪዥን እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት እንቅልፍ ነሣኝ። ከዚያ ይልቅ የከነከነኝ ግን የሆቴሉ ቅጽ ነው። ስፔናውያን ከአባትም ከእናትም የሚወርሷቸው ሁለት የቤተሰብ ስሞች ስላሏቸው፣ እንግዳ ተቀባይዋ የአባቴን ስም በመጀመሪያው፣ የአያቴን በሁለተኛው ቦታ ሞላች፤ ጠዋት «ሴኞር ወልዴ» ብላ ስትጠራኝ፣ ካረፈ ዘጠኝ ዓመት የሆነው አባቴ ከኋላዬ የቆመ መስሎኝ ዞርሁ።

ፓኤዝም በጥንቱ እንዲህ ያለ የአባት ስም ነበር። በመጨረሻው ያለው «ኤዝ» በመካከለኛው ዘመን «የእገሌ ልጅ» ማለት ስለነበረ፣ ሮድሪጌዝ የሮድሪጎ፣ ፓኤዝ ደግሞ የፓዮ ልጅ ነው፤ ፓዮ የፔላዮ ሌላ መልክ ሲሆን፣ ሥሩ ባሕር ማለት ከሆነው ከግሪክኛው «ፔላጎስ» ይመዘዛል። ፖርቱጋሎች ይህንኑ ስም ፓይስ ይሉታል። እኛ ዘንድ የአባት ስም በየትውልዱ ይለወጣል፤ እነርሱ ዘንድ ግን በአንድ ጥንታዊ አባት ላይ ቆሞ ስለቀረ፣ የቀድሞው የቬኔዝዌላ ፕሬዚዳንት ሆሴ አንቶኒዮ ፓኤዝም፣ የአርጀንቲናው ሙዚቀኛ ፊቶ ፓኤዝም፣ ፓዮ የሚባል አባት ሳይኖራቸው የፓዮ ልጆች ተብለዋል።

የታክሲው ሹፌር በ45 ዩሮ ተስማምቶ 60 ጠየቀኝ። በአገሬ ቢሆን አላፊ አግዳሚው ገብቶ ያስማማን ነበር፤ እዚያ ግን መንገዱ ጭር ያለ በመሆኑ እያዘንሁ ከፈልሁ።

ኀዘኔን ያስረሱኝ፣ በነጫጭ ቤቶች መካከል ወንበራቸውን ጥላ ሥር አውጥተው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ውሃ ካጠጡኝ በኋላ በስልኬ የጎርጎራን ፍርስራሽ አሳየኋቸው፤ የመንደራቸው ልጅ አማርኛና ግዕዝ መማሩን፣ በ1618 ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ተጉዞ የሰከላ ሰዎች ከጥንት የሚያውቁትን የግሽ ዓባይን ምንጭ በዐይኑ ማየቱንና ለአውሮፓውያን መጻፉን በምችለው ስፓኒሽ ነገርኋቸው። ጎርጎራ የምትባለውን ቃል ሦስት ጊዜ ደጋግመው አሏት።

ቀጥለው ስሜን ጠየቁኝ። «ዳንኤል ወልዴ» አልሁ። «የእናትህ ወገንስ?» አሉኝ፤ የእናቴ አባት ገብሬ እንደሚባሉ ነገርኋቸው። ከኪሳቸው እርሳስ አውጥተው በቁራጭ ወረቀት ላይ «ዳንኤል ወልዴ ገብሬ» ብለው ጽፈው ሰጡኝ። የእናቴን ወገን በስሜ ላይ ተጽፎ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ወረቀቱንም እንዳይታጠፍ በፓስፖርቴ ውስጥ አስቀመጥሁት።