ጥሩምባው ለሕያው ተነፋ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ይህን ምስክርነት የምጽፈው ልጄ ፈቅዶልኝ ነው። «እማዬ፣ ስሜን አትጥሪ እንጂ ሌላውን ሁሉ ተናገሪ» ብሎኛል። እኔም ልጄ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ነገሩ የሆነው በጥር 2015 ዓ.ም. እዚሁ ደብረ ብርሃን ነው። በዚያ ዓመት የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈተኑት መካከል 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ። ልጄም ካላለፉት አንዱ ነበር። ነገር ግን የጎዳው ውጤቱ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከኅዳር ጀምሮ እንቅልፍ አጥቶ ነበር። ሌሊት ስነሣ በጨለማ ቁጭ ብሎ አገኘዋለሁ። እንጀራ ሳቀርብለት ጠርዙን ቆርሶ ይተወዋል። ነፍሱን የሚሰጥለትን ኳስ እንኳ እርግፍ አድርጎ ተወው። እኔ ይህን ሁሉ ስንፍና ነው፣ ጉርምስና ነው አልኩ። «ያለ አባት እንጀራ ጋግሬ እየሸጥኩ ያሳደግኩህ እንዲህ ልታኮርፈኝ ነው?» ብዬ ተቆጥቼዋለሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ለጻድቃኔ ማርያም ስለት ነበረብኝ። ልጄ ካለፈ ጃንጥላ አስገባለሁ ብዬ ተስዬ፣ እርግጠኛ ከመሆኔ የተነሣ አስቀድሜ ገዝቼው ነበር፤ ቀይ፣ ወርቃማ ዘርፍ ያለው። ውጤቱ የተሰማ ዕለት ሣጥን ውስጥ ከትቼ ቆለፍኩበት። ከዚያ ለጸሎት አልቆምኩም፤ ለጠብ ነው የቆምኩት። «ባሌን ወሰድክ፣ ዝም አልኩ። አሁን ደግሞ የልጄን ተስፋ ወሰድክ። ከእኔ ምን ቀረህ?» አልኩት ጌታዬን። እመቤታችንንም «አንቺም እናት ነሽ፣ እንዴት ዝም ትያለሽ?» አልኳት። አልዋሽም፣ እንዲህ ብያለሁ።

የአስተርእዮ ማርያም ዋዜማ ነበር። ከምሽቱ 2 ሰዓት ሆኗል፤ እኔ ምጣድ ላይ ነኝ። ልጄ ታናሽ እህቱን ጠራትና ጃኬቱን አውልቆ አለበሳት። «ያንቺ ይሁን» አላት። ወደ እኔ መጣና ግንባሬን ሳመኝ። ልጄ ከሕፃንነቱ ጀምሮ መሳሳም አይወድም። ለነገው በዓል ልቡ ራርቶ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ደስ ብሎኝ አራት እንጀራ አወጣሁ። አራት። እስከ ዛሬ እቆጥራቸዋለሁ።

«እማዬ፣ ባናው ታጥፏል» አለች ልጄ ከውስጥ።

ያ ባና አባቱ ከመንዝ ያመጣው ነው። ጥቁር የበግ ጠጉር፣ ጠርዙ ላይ የእሳት ፍንጣሪ ያቃጠለው ቀዳዳ ያለው። ልጄ አንድ ቀን አጥፎት አያውቅም፤ ሁልጊዜ የምጨቀጭቀው በዚያ ነው። ያን ምሽት ግን ጠርዝ ከጠርዝ ገጥሞ አልጋው መካከል ተቀምጧል፤ ስልኩም ተዘግቶ ከላዩ ላይ አለ። እጄን በእጥፋቱ መካከል ሰደድኩ። ቀዝቅዟል።

እግሬ ተሳሰረ፤ ያን አጣጠፍ አውቀዋለሁና። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለሁ ታላቅ ወንድሜ ጋቢውን እንዲህ አጥፎ ወጥቶ አልተመለሰም። ፍትሐት ሳይደረግለት በጥድፊያ ተቀበረ። ሰው ሲጠይቀን «ሆዱን አሞት ነው» እንድንል ታዘዝን፤ ስሙም ከቤታችን ጠፋ። ለባሌም ለልጆቼም አልነገርኩም። ይኸው ለመጀመሪያ ጊዜ እናንተ ፊት እጽፈዋለሁ፤ ወንድሜ ነበር፣ እወደው ነበር።

ባናውን ታቅፌ በባዶ እግሬ ሮጥኩ። የጥር ሌሊት በደብረ ብርሃን ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሣሩ በውርጭ ይንኮሻኮሻል። ልጄ በሸሚዝ ነው የወጣው። ይህች ከተማ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ብርሃን ሲወርድ አይተው የሰየሟት ናት ይባላል፤ ለእኔ ግን ያን ምሽት ጨለማ ብቻ ነበረች። የዕድራችን ጥሩምባ ነፊ ቤት ደረስኩና በሩን ደበደብኩ።

«ልጄ ጠፋ» አልኳቸው። የምፈራውን ቃል ከአፌ አላወጣሁትም። እርሳቸው ግን በኩራዙ ፊቴን አዩና «ራሱን ይጎዳል ብለሽ ነው የፈራሽው?» አሉኝ። በሕይወቴ እንዲህ ፊት ለፊት የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። «አዎ፣ አባባ» አልኩ። ያን «አዎ» ስል ከደረቴ ላይ ድንጋይ የተነሣ ያህል ተነፈስኩ።

ጥሩምባውን ከግድግዳው አወረዱ። ባለቤታቸው «ኧረ ሟርት ነው! እሱ ለሞተ ሰው ነው የሚነፋው» ብለው ያዟቸው።

«ለሞተ ከምነፋው ሳይሞት ልንፋው» አሉና ወጡ።

እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልኝ፤ ይህን ስጽፍ እንኳ እጄ ይንቀጠቀጣል።

ሰው ነጠላውን እንደ ለቅሶ አዘቅዝቆ እየወጣ «ማን ሞተ? ማን ሞተ?» ይላል። «የሞተ የለም፤ ልጅ ጠፍቶብናል፤ መብራት ያለው መብራቱን ይያዝ» ይላሉ አባባ። ከፊሉ ወደ አስፋልቱ፣ ከፊሉ ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ፣ እኔና አባባ ከጎረምሶቹ ጋር ወደ በሬሳ ወንዝ ወረድን። በየመቶ እርምጃው ይነፋሉ። እኔ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያልኩ እቆጥራለሁ፤ አርባ አንድ መድረስ አቅቶኝ እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ። «አቤቱ፥ ከጥልቅ ወደ አንተ ጠራሁ» የሚለውን ከልጅነቴ ጀምሮ ብደግመውም ጥልቁ ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። በመጨረሻ ጸሎቴ ሁሉ ተራግፎ ይህች ብቻ ቀረች፦ «እመቤቴ፣ ፈተናውን ተይው። ዩኒቨርሲቲውን ተይው። ልጁን ብቻ።»

ስድስት ሰዓት ገደማ ከባሕር ዛፎቹ መካከል ድምፅ መጣ።

«ማን ነው የሞተው?»

የልጄ ድምፅ ነው።

ከጎረምሶቹ አንዱ፣ የሰፈራችን ዲያቆን፣ ወደ ጨለማው ጮኸ፦ «ማንም አልሞተም! ሁላችንም አለን! አንተን ነው የምንፈልገው!»

ዲያቆኑ በኋላ ስንጠይቀው አስቦበት እንዳልተናገረው ነገረን። እኔ ግን ቃሉን አውቀዋለሁ። ራሱን ሊገድል ሰይፉን ለመዘዘው የወኅኒ ጠባቂ ቅዱስ ጳውሎስ የጮኸው ነው፦ «ሁላችን ከዚህ አለንና በራስህ ምንም ክፉ አታድርግ።»

ባናውን አለበስኩት። ጣቶቹ በረዶ ነበሩ። ማንም አልተቆጣውም፣ ማንም «ለምን?» አላለውም። አንዲት ጎረቤቴ ቤት እስክንደርስ አጥሚት አፍልታ ጠበቀችን። ሰባት ሰው እስኪነጋ እየተፈራረቀ ከጎኑ ተቀመጠ፤ የደወሉን ድምፅም አብረን ሰማን። ልጄ የነገረን ከብዙ ቀን በኋላ ነው፦ «ጥሩምባውን ስሰማ ከሰፈራችን ሰው ሞቷል ብዬ ቆምኩ። ነገ መቃብር የሚቆፍር ጎረምሳ ያስፈልጋል ብዬ አሰብኩ።» ልጄን እግዚአብሔር ያቆመው ከሰው ቀብር አልቀርም በሚል ሐሳብ ነው! ሥራህ ድንቅ ነው አቤቱ!

በማግስቱ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። የአእምሮ ጤና ነርሷ እንደ አባባ ቀጥታ ጠየቀችው፤ ቀጥታ መለሰላት። እኔ ደንግጬ «እንዲህ ሲጠየቅ ሐሳቡ አይመጣበትም ወይ?» አልኳት። «መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም፤ ብቻውን የተሸከመውን ያካፍለዋል» አለችኝ። ሕመሙ ድባቴ እንደሚባል፣ ኪኒኑ ወዲያው ሳይሆን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ መርዳት እንደሚጀምር፣ እስከዚያ ብቻውን እንዳንተወው፣ ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር ከቤት እንድናርቅ አስረዳችን። አንዲት ሴት «ጋኔን ነው፣ ኪኒኑን ጣይው» አለችኝ፤ ልቤም ተከፈለ። የንስሐ አባቴ ግን «ጸበሉንም ውሰጂው፣ ኪኒኑንም ስጪው፤ ሲራክ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ብሏል» አሉኝ። ለልጄም ስለ ነቢዩ ኤልያስ አነበቡለት። ያ ታላቅ ነቢይ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ «ይበቃኛል፤ ነፍሴን ውሰድ» ብሎ ነበር። እግዚአብሔር አልገሠጸውም። እንዲተኛ ፈቀደለት፣ መልአክ ልኮ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፦ «የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ።» ልጄ ያን ሲሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰ።

ሰባት ወር እንዲህ አለፈ፤ አንዳንዱ ቀን ወደ ፊት፣ አንዳንዱ ወደ ኋላ።

ዕድራችን በዚያው ዓመት ደንቡን አሻሻለ። ጥሩምባው ለጠፋ ሰውም ይነፋል የሚል አንቀጽ ገባ። ነርሷ በስብሰባችን ቀን እየመጣች ታስተምረናለች። ብቻውን የዋለ፣ መብላት የተወ፣ ንብረቱን የሚያድል ሰው ሲኖር ቡና ይዘን እንሄዳለን፤ ስንደርስም ፊት ለፊት እንጠይቃለን። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ700 ሺህ በላይ ሰዎች ራሳቸውን አጥፍተው እንደሚያልፉ፣ ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉት ዘንድ ከዋና ዋናዎቹ የሞት ምክንያቶች አንዱ እንደሆነ የነገረችን እርሷ ናት። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታሰበው የዓለም ራስን ማጥፋት መከላከያ ቀን በእኛ ጳጉሜ 5 ላይ ይውላል፤ በሩፋኤል ዝናብ ከተጠመቅን ከሁለት ቀን በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ የአዲስ ዓመት ዋዜማ። በዚያ ቀን ተሰብስበን ሻማ እናበራለን። እኔ አንዷን ሻማ ለወንድሜ አበራለሁ፤ ስሙን ጮክ ብዬ እጠራዋለሁ።

ይህን የምታነብ ወንድሜ፣ እህቴ፣ ባናህን አጥፈህ ከሆነ፣ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገር፤ ጤና ጣቢያ ሂድ። ሁላችን ከዚህ አለን።

መንገዱ ሰላም ሲሆን ወደ ጻድቃኔ ሄድን። ሣጥኑን የከፈተው ልጄ ነው። «አላለፍኩም እኮ» አለኝ ጃንጥላውን እያየ። «አልፈሃል» አልኩት። ራሱ ተሸክሞ አስገባው። ስንወጣ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና የያዝኩትን ድፎ ዳቦ አየ።

«እማዬ፣ ርቦኛል» አለኝ።

ቆርሼ ሰጠሁት። ጠርዙንም አልተወም።