የንጉሥ ዘር ልሆን ነበር

ሰሞኑን ድብርት ቢጤ ይዞኛል። ይሄ ነው የምለው ምክንያት የለውም። ክረምቱ ይሁን፣ ሥራው ይሁን፣ ዕድሜ ይሁን እንጃ። ዛሬ ስለሱ ልጽፍ ነበር የተቀመጥኩት። ቡናዬን ቀድቼ ስልኬን ላጠፋ ስል የቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ጮኸ። ሜሪላንድ ያለችው የአክስቴ ልጅ ነች። ሊንክ ልካለች። ከሊንኩ ሥር ዘውድ ደርድራለች፤ መጨረሻ ላይ አንበሳ።

ከፈትኩት። የዘር ሐረግ ነው። የኛ። እኔ ከታች በትንሽዬ ሣጥን ውስጥ ተቀምጫለሁ። ፎቶ የለኝም፣ ጥላ ብቻ። ከእኔ በላይ እናቴ፣ ከእሷ በላይ አያቴ፣ ከዚያ የአያቴ እናት፣ ከዚያ የአያቴ አያት። ከአያቴ አያት በላይ ደግሞ ድንገት የሸዋው ንጉሥ ሳህለ ሥላሴ! ከሳቸው በኋላማ መንገዱ ጥርጊያ ነው። ወሰን ሰገድ፣ አስፋ ወሰን፣ አምኃ ኢየሱስ፣ አብዬ፣ ስብስቴ፣ ነጋሲ እያለ ይወጣና በልጃቸው በያዕቆብ በኩል ዐፄ ልብነ ድንግል ይደርሳል። እዚያ ከተደረሰ ደግሞ ማን ያቆመዋል? ቀዳማዊ ምኒልክ፣ ሰሎሞን፣ ዳዊት። ጣቴ ደክሞኝ ተውኩት እንጂ አዳም ድረስ ሳይሄድ አይቀርም።

ግሩፑ ውስጥ "ድሮም ያስታውቅ ነበር" ያለ አለ። "ለካ ሥራ የማንወደው ለዚህ ነው" ያለም አለ። ይሄኛው ወንድሜ ነው።

እውነቱን ልናገር፣ ድብርቱ ለትንሽ ጊዜ ለቀቀኝ። ተነስቼ መስታወት ፊት ቆምኩ። አፍንጫዬን በጎን አየሁት።

ከዚያ አንድ ነገር ከነከነኝ። የአያቴን አያት አውቃታለሁ። ማለቴ፣ ዳዊቱ ላይ አለች። የቤተሰቡ ዳዊት ትልቋ አክስቴ ቤት ነው ያለው፤ በነጠላ ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። የመጨረሻው ብራና ላይ፣ ጸሎቱ አልቆ ባዶ የቀረው ቦታ ላይ፣ የቤተሰቡ ልደት ተጽፏል። አምና ለፋሲካ ስሄድ በስልኬ አንስቼው ነበር። ፈልጌ አወጣሁት። የላይኛው መስመር ቀለሙ ወደ ቡኒ ሄዷል። "ወለተ ሚካኤል የተወለደች ኅዳር በባተ በ12 ቀን በዘመነ ማርቆስ" ይላል። በቃ። አባቷ የለም። እናቷም የለችም። ዓመተ ምሕረትም የለም። ከሥሯ ያሉት ሁሉ የእገሌ ልጅ፣ የእገሊት ልጅ ተብለዋል። እሷ ብቻ ከሰማይ ዱብ ያለች ይመስላል።

ሐረጉ ላይ ግን ዓመት ተሰጥቷታል። 1862፣ በፈረንጆች።

ወረቀት አመጣሁ። ባሕረ ሐሳብ፣ የቤተ ክርስቲያኑን የዘመን ቆጠራ፣ አልተማርኩም፤ ወንጌላዊ ማውጣት ግን ማንም ይችላል። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ትደምራለህ፣ ለአራት ታካፍላለህ። አንድ ከተረፈ ማቴዎስ፣ ሁለት ማርቆስ፣ ሦስት ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። የፈረንጆቹ 1862 ኅዳር በኛ 1855 ነው። 5500 ሲደመርበት 7355። ለአራት ሲካፈል ሦስት ይተርፋል። ሉቃስ። ዳዊቱ ደግሞ ማርቆስ ነው የሚለው።

ቆይ፣ 1862 የኛው ዓመት ቢሆንስ? 7362። ሁለት ተረፈ። ማርቆስ! አንዱ የሆነ ቦታ የሰማውን የኢትዮጵያ ዓመት እንዳለ አምጥቶ የፈረንጅ ሣጥን ውስጥ ዶሎታል ማለት ነው። እርግጥ ማርቆስ በየአራት ዓመቱ ስለሚመላለስ በአጋጣሚም ሊገጥም ይችላል። ቢሆንም ደስ አለኝ። ብቻዬን ቤት ውስጥ "ያዝኩህ!" አልኩ። ማንን እንደያዝኩ አላውቅም።

ችግሩ ንጉሡ ናቸው። ሳህለ ሥላሴ ያረፉት በኛ አቆጣጠር በ1840 ነው፤ በፈረንጆቹ 1847። በሐረጉ ሂሳብ ከሄድን ልጃቸው የተወለደችው እሳቸው ከሞቱ ከ15 ዓመት በኋላ ነው። በእኔ ሂሳብ ከ22 ዓመት በኋላ። የቱንም ብንወስድ ንጉሡ የወለዷት መቃብር ሆነው ነው።

ለአክስቴ ልጅ በውስጥ መስመር ጻፍኩላት። "ይሄን ከየት አመጣሽው?" "ሌላ ሰው የሠራው አለ፣ ከዚያ ነው" አለችና ላከችልኝ። ከፈትኩት። ምንጭ በሚለው ቦታ ላይ የተጠቀሰው የእሷ ሐረግ ነው። ሁለቱ እንደ ሌሊት ሰካራሞች ተደጋግፈው ቆመዋል። ስለ ዓመቱ ነገርኳት።

"አቦ አንተ ደግሞ! ልጅ ባትሆን የልጅ ልጅ ትሆናለቻ።"

የነገሩ ክፋት ይሄ ነው፤ ልትሆን ትችላለች። ሳህለ ሥላሴ ከብዙ ሴት የወለዱ ሰው ናቸው። በ1862 የሚወለድ የልጅ ልጅ ቢኖራቸው አይገርምም። ግን "ሊሆን ይችላል"ን ይዞ ማንም ቤት መግባት ይቻላል። መዝገብ ቤት ሄጄ እንዳላጣራ፣ የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። በስም እንዳልፈልግ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባት ስም በየትውልዱ ይቀየራል። ወለተ ሚካኤል ደግሞ የክርስትና ስም ነው። በየደብሩ ስንት ወለተ ሚካኤል አለ! የዓለም ስሟ ማን ይሁን ማን የጻፈ የለም።

እንደዚህ እያልኩ ሀሳቤ ርስት ላይ ሄደ። ድሮ ዘር የሚቆጠረው ለጉራ ብቻ አልነበረም። ለመሬት ነው። መንዝም ጎጃምም ርስት የሚጠይቅ ሰው መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው ከአቅኚ አባት መወለዱን ማስረዳት ነበረበት። በአባትም በእናትም ይቆጠራል። ሽማግሌ ፊት ቆሞ ከራሱ ጀምሮ እየጠራ ይወጣል። እኔን የገረመኝ እሱ አይደለም፤ ፊት ለፊቱ የሚቆመው ሰው ነው። መሬቱን አሁን የሚያርሰው ዘመዱ ነው የሚቆመው። ቆጠራው እውነት ከሆነ ማሳው ሊቆረስበት ነው። ስለዚህ ጆሮውን አቁሞ ይሰማል። "ቆይ፣ እሷ እኮ ሳትወልድ ነው የሞተችው" ይላል። "እሱ የእንጀራ ልጅ ነበር" ይላል። ምስክር ይጠራል። ያኔም ይዋሻል። እጁ የረዘመ ሰው አያት አያጣም ነበር። ግን ውሸቱ ባለጋራ ነበረው።

የኛ ሐረግ ባለጋራ ማነው? እኔ የሳህለ ሥላሴ ዘር ብባል የማን ማሳ ይቀነሳል? የማንም። ስለዚህ ሁሉም ላይክ ያደርጋል።

"ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ" ይባል የነበረው በየካቲት 1967 አዋጅ አበቃ። መሬት የሕዝብ ሲሆን የቆጣሪዎቹም ሥራ አብሮ ቀረ። አሁን ሰባት ቤት የሚቆጠረው ጋብቻ ሲመጣ ብቻ ነው። እሱም ሽማግሌ ተልኮ፣ ሙሽሮቹ ድግስ ከቆረጡ በኋላ፣ እንዳይገጥም እየተጸለየ።

የአክስቴን ልጅም ምን ብዬ ልውቀሳት? የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የዘውዱ ዘር ከሳህለ ሥላሴ እንደሚወርድ፣ የሳቸውም ዘር ሳይቋረጥ ከንግሥተ ሳባና ከሰሎሞን ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ እንደሚመጣ ደንግጎታል። አንቀጽ 2። አንቀጽን ደግሞ ምንጭህ የታል ብሎ የሚጠይቅ የለም። እሷ አንበሳዋን ለጥፋ ዝም አለች እንጂ አዋጅ አላወጣች።

ሂሳቡን አንዴ ጀምሬዋለሁና ቀጠልኩ። አሥር ቤት ወደ ላይ ስትወጣ 1024 የአያት ቦታ አለህ። ከነሱ አንዱ ንጉሥ ይሁን፣ እሺ። ቀሪው 1023 ምን ነበር? አራሽ፣ እረኛ፣ ሸማኔ፣ ቀጥቃጭ፣ የሰው ቤት አገልጋይ። ባርነት በአዋጅ የቀረው በ1934 ነው፤ አያቴ ደርሳበታለች። ሐረግ ላይ ግን ሸክላ ሠሪ አያቱን የሰቀለ ቤተሰብ እስካሁን አላየሁም። ለወለተ ሚካኤልም ያዘንኩላት ለዚህ ነው። አባቷ ንጉሥ ወይ የንጉሥ ልጅ ቢሆን ዳዊቱ ላይ በቀይ ቀለም ይጻፍ ነበር። ዝም የተባለው ስሙ እንዲጠራ ያልተፈለገ ሰው ቢሆን ነው። ይሄም ግምት ነው፤ ምንጭ የለኝም።

ትልቋ አክስቴ ጋ ደወልኩ። ሰማንያን አልፈዋል፤ ሰባት ቤት በቃላቸው ነው።

"እትዬ፣ የአያቴ አያት ወለተ ሚካኤል አባቷ ማን ነበር?"

"የቷ ወለተ ሚካኤል?"

"ዳዊቱ ላይ ያለችው።"

ሬዲዮናቸውን ቀነሱ። ከእኔ ጀምረው ቆጠሩ። እናቴን፣ አያቴን፣ የአያቴን እናት፣ ለየአንዳንዳቸው ያገቡትን፣ የፈቱትን፣ የቀበሩትን ጭምር። ወለተ ሚካኤል ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ መንዝ ነው።"

"መንዝ እኮ አገር ነው እትዬ። ሰው ነው የጠየቅኩት።"

"እኔ እንደዚህ ነው የሰማሁት። የሷን ወገን አትጠይቁ ይባል ነበር።"

"ለምን?"

"አትጠይቁ የተባለ ነገር ለምን ተብሎ ይጠየቃል?"

ትንሽ ዝም ተባባልን። ከዚያ ድምፃቸው ተቀየረ። ለስለስ አለ።

"ለመሆኑ ሰባት ቤት ምን አስቆጠረህ? ልታገባ ነው እንዴ? የማን ልጅ ናት?"

ኧረ እንዲያው ነው አልኳቸው። እንዲያው ዘር የሚቆጥር ሰው የለም አሉኝ። ዕድሜዬን ያውቁታል፤ እኔ የምደብቀው መስሏቸዋል። መርቀውኝ ስልኩን ዘጉ።

ማታ ወንድሜ ደወለ። "ደበቅከን አይደል?" አለኝ። ማን ነገረህ ስለው "እትዬ" አለ። እትዬን የመሰለ ምንጭ ይዞ ለመጣ ሰው ምን ተብሎ ይመለስለታል?