ውሃ እንጂ ጭቃ አላዘዝኩም

«የኔ እህት፣ ውሃ ላኩ አልኩ እንጂ ጭቃ ላኩ አልኩ?»

ጠያቂው የፕሮጀክታችን አስተባባሪ ናቸው። እሳቸው አዲስ አበባ ቢሯቸው ውስጥ። እኔ ጅማ፣ አዌቱ ዳር፣ ዣንጥላ ትከሻዬ ላይ ሸጉጬ፣ በአንድ እጄ ስልክ በአንድ እጄ ብልቃጥ። ክረምት ነው። ጠዋት የጣለው ዝናብ ወንዙን አቅልቶታል። የጋራዡ፣ የላቫጆው፣ የገበያው ጥራጊ ሁሉ አንድ ላይ እየወረደ ነው። ለእኛ ሥራ ከዚህ የተሻለ ቀን አይገኝም። ወንዝ እኛ የምንለካውን ከባድ ብረት፣ እርሳስና ክሮሚየምን የመሰለውን መርዘኛ ብረታ ብረት፣ የሚያጓጉዘው በአብዛኛው ጎርፍ በሚሆንባቸው ጥቂት ቀናት ነው። በበጋ የጠራ ውሃ ቀድቶ «ንጹህ ነው» ማለት ማንም አያቅተውም።

የጠቡ መነሻ የማጣሪያ ወረቀት ነው። የሟሟውን ከደለሉ የምትለየው ባለ 0.45 ማይክሮሜትሯ (ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) ነጭ ወረቀት ድፍርስ ውሃ ሲገባባት መጀመሪያ ትቀላለች፣ ቀጥሎ ቡናማ ትሆናለች፣ ከዚያ ትደፈናለች። ፓምፑ ያቃስታል እንጂ ጠብ የሚል ነገር የለም። አንዷን ታነሳለህ፣ ሌላ ታስገባለህ። ወረቀቱ ደግሞ በዶላር የሚመጣ ነው። ስለዚህ አስተባባሪው መላ ዘየዱ። ውሃው በጀሪካን ይደር። ጠዋት ከላይ የጠለለውን ቅዱ፣ ናይትሪክ አሲድ ጠብ አድርጉበት፣ ላኩ። ዝቃጩን ድፉት።

ላብራቶሪ የሠራ ሰው እዚህ ላይ ፊቱን ያኮማትራል። አንደኛ ነገር፣ በአንድ ሌሊት አይጠልም። 2 ማይክሮሜትር የምታክል የሸክላ አፈር ቅንጣት ፍጹም በረጋ ውሃ ውስጥ እንኳ በቀን የምትወርደው 30 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ከዚያ ያነሰችው ሳምንትም ይፈጅባታል። ስለዚህ ጠዋት «የጠለለ» የሚባለው ውሃ ገና ደፍርሶ ነው የሚጠብቅህ። እሱ ላይ አሲድ ስትጨምር፣ ፒኤቹን ከ2 በታች ስታወርደው፣ ቅንጣቷ የያዘችውን ብረት ትለቃለች። መሣሪያው ደግሞ ይህን «በውሃ የሟሟ» ብሎ ያነብልሃል። የሟሟውም አይደለም፣ ጠቅላላውም አይደለም። መሃል ላይ የቀረ፣ አባት የሌለው ቁጥር ነው።

ይህን ሁሉ በስልክ ነገርኳቸው። ዝም አሉ። የተረዱ መስሎኝ ነበር።

«እሺ፣ ግን ደንበኛው የጠየቀው ስለ ውሃው ነው» አሉ።

ያኔ ነው ነገሩን በታክሲ ያስረዳሁት። «ኢንጂነር፣ ደለሉ ታክሲው ነው፣ ብረቱ ተሳፋሪው። እርሳስን የመሰለ ብረት በእግሩ መሄድ አይወድም። እርስዎ መንገዱን ባዶ አይተው ሰው የለም እያሉኝ ነው፣ ሰዎቹ ግን ታክሲው ውስጥ ናቸው።» ሾፌራችን መሪውን ይዞ ሳቀ። ኢንጂነሩ አልሳቁም።

በተለይ የጅማ አፈር ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው። ቀይ የሚያደርገው የብረት ኦክሳይድ፣ ማለትም ዝገት መሳይ ነገር፣ ነው፣ ኦክሳይዱ ደግሞ እርሳስና ክሮሚየም ላዩ ላይ መለጠፍ ይችልበታል። ቅንጣቱ ባነሰ ቁጥር የሚለጠፍበት ገጽ ይሰፋል። ከ63 ማይክሮሜትር በታች ያለውን ደቃቅ ለብቻ የምናበጥረው ለዚህ ነው።

«እሱማ ግልገል ጊቤ ግድብ ገብቶ ይተኛል፤ አለቀ በቃ» አሉኝ።

ይቺ መልስ እስከ ዛሬ ታናድደኛለች። ግድቡ ውስጥ መተኛቱ እውነት ነው። ውሃው ሲረጋ ደለሉ ይቀመጣል። ግን የግድብ ወለል ላይ ኦክስጅን ሲያልቅ የብረትና የማንጋኒዝ ኦክሳይዱ ይሟሟል፤ ያኔ የተሸከመውን መልሶ ለውሃው ይለቃል። የተኛ ነገር ይነሳል። የእኛ ውሃ ባሕር አይደርስም፤ በኦሞ አድርጎ ቱርካና ሐይቅ ላይ ያበቃል። ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ቦታ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ጨው ሲነካው ደቃቁ አፈር እየተጓጎለ ይወርዳል፤ ካድሚየም የሚባለው ከባድ ብረት ግን ከጨው ክሎራይድ ጋር ይወዳጅና ከደለሉ ተላቆ ውሃው ውስጥ ይገባል። የሆላንዷ ወደብ ከተማ ሮተርዳም ሰዎች ከራይን ወንዝ የሚወርድባቸውን የተበከለ ደለል ከወደባቸው እየዛቁ የሚቆልሉበት ስሉፍተር የሚባል ማጠራቀሚያ እ.ኤ.አ. በ1987 የከፈቱት ተኝቶ ስላላለቀላቸው ነው።

አስተባባሪያችን የተማሩት ሆላንድ ነው። ሌላ ምንም አልልም።

የታዘዝኩትን አደረግሁ። የጀሪካኑን ውሃ ቀዳሁ፣ አሲድ ጨመርኩ፣ ላክሁ። ዝቃጩን ግን አልደፋሁትም። የተደፈኑትንም ማጣሪያዎች አልጣልኳቸውም። ኦቨን ውስጥ አደረቅኋቸው፣ መዘንኳቸው፣ በትርፍ ሰዓቴ በአሲድ አብስዬ ብረት በሚለካው መሣሪያ፣ አቶሚክ አብዞርፕሽኑ ላይ አስነበብኳቸው። የወጣውን ቁጥር እዚህ አልጽፍም፤ የደንበኛው ነው። ከጀሪካኑ ቁጥር ጋር ግን ዘመድ አይመስሉም።

ከዚያ የማጠቃለያው ወርክሾፕ መጣ። ጅማ፣ የሆቴል አዳራሽ፣ ፓወር ፖይንት፣ ውሃ በሃይላንድ። አስተባባሪው መድረክ ላይ ወጡ። እንዲህ ብለው ጀመሩ፦ «ደለሉን እንደ ታክሲ፣ ብረቱን እንደ ተሳፋሪ አስቡት...» አዳራሹ ሳቀ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ «እንዴት ያስረዳሉ!» አለችኝ። አዎ፣ ያስረዳሉ።

ቀጥለው ሠንጠረዡን አሳዩ። የጀሪካኑ ቁጥር ነው። እርሳስ፣ ከዓለም ጤና ድርጅት የመጠጥ ውሃ መመሪያ፣ ከ10 ማይክሮግራም በሊትር በታች። አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል።

ከወረዳ የመጡ አንድ አባት እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ ታክሲውን ገባን። የቆጠራችሁት ግን እግረኛውን ነው። ተሳፋሪው ስንት ነው?»

አስተባባሪው ፈገግ አሉ። አዳራሹን ቃኙ። «ለዚህ እንኳን የላብራቶሪ ባለሙያችን ትመልስልናለች።»

ተነሳሁ። የደለሉን ቁጥር የጻፍኩበት ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አነበብኩ። አባትየው ጻፉ። አስተባባሪውም ጻፉ።

ሻይ ላይ መጡ። «ያንን ጭቃ አልጣልሽውም እንዴ?»

«ረሳሁት፣ ኢንጂነር።»

ከዚያ ወዲህ ጥሩ ምሳሌ ለአለቃ በነጻ አልሰጥም ብዬ ምያለሁ። ይኸው ደግሞ ለእናንተ ሰጠሁ።

የደለሉ ሠንጠረዥ በመጨረሻው ሪፖርት ውስጥ ገብቷል፤ አባሪ ላይ፣ በትንሽ ፊደል። አረንጓዴው ግን ከፊት ለፊት እንዳለ ነው። ከኪሴ አውጥቼ የገዛኋቸው ማጣሪያዎች ሒሳብ እስካሁን አልተወራረደም። ፋይናንስ ደረሰኙ ላይ «ለውሃ ምርመራ» ተብሎ ይጻፍ ይላል። እኔ «ለደለል» ብዬ ጽፌያለሁ፤ አልቀይርም።