«ላሞቼስ?»

ካሜራዬ ቁም ሣጥን ውስጥ ስድስት ወር ከረመ። ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት። እሱ አልተበላሸም፤ የተበላሸሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሱሉልታ ነበርኩ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል እነሳለሁ። ከአዲሱ ገበያ ሚኒባስ ይዤ እንጦጦን ተሻግሬ ስወርድ ሜዳው ጭጋግ ለብሶ ይጠብቀኛል። ልምምድ የወጡ ሯጮች ከጭጋጉ ብቅ ይሉና መልሶ ይውጣቸዋል። ለፎቶ አንሺ ሎተሪ ነው።

ታዲያ ምን ነካኝ? መጀመሪያ በዕቃ አመካኘሁ። ከካሜራው ጋር የመጣው ባለ 18-55 ሌንስ (18 ሰፊውን ዕይታ፣ 55 ጠበብ ቀረብ ያለውን ያነሳል) አይበቃኝም ብዬ ብር አጠራቅሜ ሩቁን የሚያቀርብ ረጅም ሌንስ ገዛሁ። ሌንሱ መጣ፤ መውጣቱ ቀረ። ቀጥሎ በብርሃን አመካኘሁ። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ፀሐይ ሽቅብ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው። ያ ወርቃማ ብርሃን ቶሎ ያልቃል። ታክሲ ከዘገየ ትራይፖዱን፣ ባለ ሦስት እግሩን የካሜራ ማቆሚያ፣ እስክዘረጋ 2 ሰዓት ይሞላል፤ ሰማዩ ነጥቷል፣ ጥላው ጠቁሯል። ተነጫንጬ እመለሳለሁ።

ሁሉም ሰበብ ነበር። ፍሬሜ ውስጥ የቆርቆሮ ጣሪያ ሲገባ ዞር እላለሁ። የመብራት ምሰሶ ሲገባ ቁጢጥ እላለሁ። በየጊዜው አዲስ አጥር ይበቅላል፣ እኔም አጥር የማይታይበት ጥግ ፍለጋ ከሣር ክምር ክምር እዞራለሁ። የምፈልገው ሰውም ሽቦም የሌለበት ሱሉልታ ነበር። እንዲህ ያለ ሱሉልታ ደግሞ የለም። የሌለ ነገር ሲፈልጉ መክረም ያደክማል።

ሰኔ ላይ ለሌላ ጉዳይ እዚያው ሄጄ አንድ አዛውንት አስቆሙኝ። «አንተ ልጅ፣ ደጃችንን ያነሳኸው ፎቶ የታለ?» አሉ፣ ኦሮምኛ ቃና ባለው አማርኛቸው። ዓምና ኅዳር ላይ አሳጥቤ አመጣለሁ ብያቸው ነበር። አፈርኩ። ማታ ሃርድ ዲስኬን ስከፍት ከ4,000 በላይ ፎቶ አለ፤ የታጠበ አንድም የለም።

የደጃቸውን መርጬ 20 በ30 አሳጠብኩና በሳምንቱ ወሰድኩላቸው። አባባ ራቅ አድርገው አዩት፣ ቀረብ አድርገው አዩት።

«ጥሩ ነው። ላሞቼስ?»

ላሞቹን ሆን ብዬ አስወጥቻቸዋለሁ፤ ጭራቸው ቅንብሬን አበላሽቶብኝ ነበር።

«ቤቴስ?»

ቤቱም ቆርቆሮ ስለሆነ ወጥቷል። እጃቸው ላይ የቀረው ጭጋግና የማንም ያልሆነ የሣር ክምር ነው። ምን ልበላቸው? ካሜራው ቦርሳዬ ውስጥ ስለነበር እዚያው አወጣሁት። ረጅሙ ሌንስ ቤት ቀርቷል። በአሮጌው፣ 18 ላይ አድርጌ፣ ቤቱን፣ ሦስቱን ላሞች፣ ከኋላ የቆመውን ምሰሶ ሳይቀር አስገባሁ። ከረፋዱ 4 ሰዓት ነበር፣ ግን የክረምት ደመና ብርሃኑን አለስልሶታል። በክረምት ፎቶ አይነሳም የሚል ሁሉ ያታልላችኋል፤ እኔም ራሴን ሳታልል ኖሬያለሁ።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ አልሄድም፤ በወር አንዴ ይበቃኛል። ከያንዳንዱ ጉዞ አንድ ፎቶ አሳጥባለሁ፣ ለባለቤቱ እሰጣለሁ። ቀጠሮ ስላለብኝ ዝናብ ቢመጣም አልቀርም። ረጅሙን ሌንስ ሸጥኩት። አንድ የተማርኩት ነገር ልጨምር፦ ከብርዱ ወጥታችሁ የሞቀ ሚኒባስ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ካሜራውን በፌስታል ጠቅልላችሁ እሰሩ። አለዚያ ሌንሱ ላይ ጤዛ ይይዛል። እኔ አንድ ሙሉ ጠዋት የከሰርኩት በዚህ ነው።

ሁለተኛውን ፎቶ አባባ ግድግዳቸው ላይ ሰቅለውታል። ባለፈው ስሄድ ቡና እየተፈላ አስጠሩኝና በጣታቸው አሳዩኝ።

«ይቺ መሐለኛዋ ዓይኗን ጨፍናለች። ድገመው።»