ፋይሉን የማይለቁት እናት
ዛሬ እዚህ ቶሮንቶ አብራኝ የምትሠራው የስሪላንካ ታሚል ልጅ በምሳ ሰዓት የእናቷን ፎቶ አሳየችኝ። የሚኖሩት ሙላይቲቩ ነው፤ አብዛኛው ነዋሪ ታሚል የሆነበት የባሕር ዳርቻ አውራጃ። በመንግሥትና በታሚል ታጣቂዎች መካከል የነበረው ጦርነት እ.ኤ.አ. በ2009 ያበቃው እዚያው ዳርቻ ላይ ነበር። ወንድሟ የጠፋው ያኔ ነው።

እናትየው የሞት ምስክር ወረቀት ውሰዱ ሲባሉ እምቢ አሉ። እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ደግሞ ሞቷል ሳይባል «የደረሰበት አይታወቅም» የሚል ምስክር ወረቀት በሕግ ተፈቅዷል። እሱንም አልወሰዱም።

ፎቶው ላይ ፌስታል ታቅፈዋል። ውስጡ የልጁ ፋይል ነው፤ የልደት ወረቀት፣ የትምህርት ቤት ካርድ፣ የማመልከቻዎች ኮፒ። ጠርዙ በፕላስተር ተጠግኗል። ሲተኙም ከራስጌያቸው አይርቅም አለችኝ። አንጀቴን በላችው።

በሙላይቲቩ የጠፉ ሰዎች ቤተሰቦች እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ መንገድ ዳር ተቀምጠው ልጆቻችን የት ናቸው ሲሉ ቆይተዋል። መልስ ሳይሰሙ ያረፉ ወላጆች አሉ። እዚያ ለብዙ ጉዳይ መጀመሪያ የሚኬደው የመንደሩ ሹም ዘንድ ነው፤ እንደኛ የቀበሌ ሰው በሉት። እሱ ነዋሪነታቸውን ያረጋግጥላቸዋል። ልጁን ማን እንደወሰደው ግን ሊመልስ የሚገባው ከእሱ በላይ ያለው መንግሥት ነው፣ እነዚህ እናቶችም የሚጠይቁት መንግሥትን ነው።