ተቆጣጣሪው አንቀጹን ቢጽፍልን

በ2014 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ እዚሁ ጅማ ኮቺ አካባቢ ለእናታችን ባለ አንድ ፎቅ ቤት እያሠራን ነበር። የምድሩ ኮለኖች (ቋሚ ምሰሶዎች) አርማታ ሊሞላባቸው አንድ ቀን ሲቀረው የሕንፃ ተቆጣጣሪ መጥቶ ሥራውን አስቆመ። በአፋን ኦሮሞ ጽፎ የተወልን ወረቀት ከቀኑና ከፊርማው ሌላ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበረው፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የኮለኑ ብረት ደረጃውን ያልጠበቀ ስለሆነ ይስተካከል» ይላል። የትኛው ኮለን እንደሆነ፣ ብረቱ ቀጥኖ ይሁን ስታፋው (ቋሚዎቹን ብረቶች ዙሪያቸውን የሚያስረው ቀለበት) ተራርቆ ወይም ብረቶቹ የሚደራረቡበት ርዝመት አጥሮ፣ ደረጃ የተባለውስ የትኛው ሰነድ እንደሆነ አይናገርም።

ፎርማናችን ወረቀቱን ደጋግሞ ካነበበ በኋላ ጥፋቱ የስታፋው መራራቅ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ገመተ። ፌሮ (የአርማታ ብረት) አሳሪዎቹ ጣውላውን አስከፍተው የ12ቱን ኮለን ስታፋ ሁለት ቀን ሙሉ ሲፈቱና አጠጋግተው ሲያስሩ ዋሉ። ተቆጣጣሪው በተመለሰ ጊዜ ስታፋውን ቀና ብሎም አላየውም። ጣቱን በፌሮውና በጣውላው መካከል ሊያስገባ ሞከረ፤ አልገባለትም፤ አርማታው ብረቱን የሚሸፍንበት ክፍተት አልተተወም ነበር። «እማማ፣ እኔ ያልኩት ይህን ነው» አላቸው እናታችንን። እሳቸውም «ልጄ፣ ታዲያ ይህንኑ ብትጽፍልን ምን ነበረበት?» ብለው ጠየቁት።

በያዘው ነገር ተቆጣጣሪው ፍጹም ትክክል ነበር፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። አርማታ ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀው በቂ ውፍረት ኖሮት ሲሸፍነው ነው። ሽፋኑ ከሳሳ እርጥበትና አየር ዘልቆ ይገባል፤ ብረቱ ሲዝግ ያብጣል፤ ሲያብጥም አርማታውን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። እንደ ጅማ ዝናብ በማይለይበት አገር ይህ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ደረጃ ሁለተኛ ክፍል ደረቅ ለሆነ የቤት ውስጥ ክፍል ቢያንስ 15 ሚሊ ሜትር፣ እርጥበት ለሚያገኘውና ለውጭው ክፍል ደግሞ 25 ሚሊ ሜትር ሽፋን ይጠይቅ ነበር። ወረቀቱ ላይ ስለ ሽፋን የሚናገረው አንቀጽ ቁጥር ቢኖር ኖሮ ፎርማናችን የሚገምተው ነገር አይኖርም ነበር፤ ለሁለት ቀን የከፈልነው የሠራተኛ ደመወዝም ይተርፍልን ነበር።

የአንቀጽ ቁጥር በእኛ ከተማ ሌላም ጥቅም አለው። የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ነው፤ ያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው፣ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በነጋሪት ጋዜጣ የታተመው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው፤ መሐንዲሶች የሚሠሩበት የኮድ ደረጃ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። ቃላት ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ትርጉማቸው ሊዛነፍ ይችላል፤ ቁጥር ግን በሦስቱም ያው ነው። አዋጁ ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ይከፍል ስለነበር፣ ሕዝብ የሚጠቀምበት ወይም ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝም የምድብ «ሐ» ሕንፃ የሚጠየቀውን ሁሉ የእኛ ዓይነቱ መኖሪያ ቤት እንደማይጠየቅ ማወቅ የሚቻለውም የተጠቀሰውን ድንጋጌ ገልጦ በማየት ነበር። በውሳኔው ያልተስማማ ሰው ለይግባኝ ሰሚው ቦርድ እንዲያመለክትም አዋጁ ይፈቅድ ነበር፤ ሆኖም የትኛውን ድንጋጌ እንደጣሰ ያልተነገረው ሰው በምን ላይ ይከራከራል? ይህ እኛ ብቻ የምንጠይቀው ነገርም አይደለም፤ በአሜሪካዋ ቨርጂኒያ ግዛት የሕንፃ ደንብ የጥሰት ማስታወቂያ የተመሠረተበትን የኮድ ክፍል እንዲጠቅስ ግዴታ ተደርጓል።

አንድ ተቆጣጣሪ በቀን ብዙ ሳይት እያዳረሰ፣ በጭቃና በዝናብ ቆሞ የኮድ መጽሐፍ ሊያገላብጥ አይችልም የሚሉ አሉ፤ ድካሙን ስላየሁት አልንቀውም። የተቆፈረ መሠረት ግድግዳው ሊናድ ሲል ደግሞ አንቀጽ መፈለጉ ነውር ነው፤ በቃል «ውጡ!» ብሎ ሰው ማውጣት ይቀድማል፤ ቁጥሩ በማግስቱ በሚደርሰው ደብዳቤ ላይ ሊጻፍ ይችላል። በየሳይቱ ተደጋግመው የሚታዩት ጥፋቶች ግን ጥቂት ስለሆኑ ቁጥራቸውን በአንድ ገጽ ይዞ መዞር የሚከብድ አይመስለኝም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ቁጥር ብቻ ጽፎ መሄድ ነው፤ ኮዱን አይቶት ለማያውቅ ግንበኛ ባዶ ቁጥር ከባዶ ዓረፍተ ነገር አይሻልም። «በሰሜን በኩል ያሉት አራት ኮለኖች፣ ሽፋን የላቸውም፣ 25 ሚሊ ሜትር ይሁን» ብሎ ጎኑ ላይ ክፍሉን መጥቀስ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ያን ቀን እናታችን ከጠየቁት በኋላ ተቆጣጣሪው እስክሪብቶውን አውጥቶ የኮዱን ክፍልና ልኩን ከወረቀቱ ግርጌ ጻፈ። ፎርማኑም በአናጺ እርሳስ በአንዱ ጣውላ ላይ ገለበጠው። ጣውላዎቹ ከምድሩ ተነቅለው ለፎቁ ኮለኖች ሲገጠሙ ጽሑፉ አብሮ ወጣ፤ ፌሮ አሳሪዎቹም ማንም ሳያዛቸው ልኩን ከዚያ እያነበቡ በየኮለኑ ሽፋኑን በሜትር ሲለኩ አየኋቸው።